ኃምስ

ማመልከቻ እጽፋለሁ ከድሬ ፍርድ ቤት በር፣
ከግንቡ ጥላ ሥር፣ በተሰነጠቀ ወንበር።
የሰው ውርስ፣ የሰው ድንበር፣ የሰው እዳና ክስ
ሠላሳ ዓመት ጻፍኩ፣ የራሴን ሳልዳስስ።

አባቴ ሳኒ ሲሞት ሣጥኑን ብንከፍት
ከሽርጡ ሥር ወጣ አንድ አሮጌ ወረቀት፤
ዳሩን ምስጥ የበላው፣ ማኅተሙ የገረጣ፣
ከመሬት ክርክር፣ ከመዝገብ የወጣ።
አያቴ ኢብሮ ነው፣ በሃያ ሰባት ዓመተ ምሕረት
ለአንድ ቁራሽ ማሳ ዳኛ ፊት የቆመበት።

“ኦብሳ ሙሜን ወለደ፣ ሙሜም ዩያን ወለደ፣
ዩያ ኢብሮን ወለደ” ይላል፣ አባት ባባት እየወረደ።
ጸሐፊው ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ይመስላል፣
ከወንጌሉ መግቢያ እጁ እንደለመደ።

“ኦብሳ ማነው?” አልኩኝ ለቅሶ የመጡትን።
“አንበሳ ገዳይ ነው” አለ አንዱ ሳያመነታ፤
“ከብቱ ወንዝ ሲሻገር እስከ ማታ” አለኝ ሌላው በተርታ።
የሞተ አያት ሁሉ ወይ ጀግና ነው ወይ ባለጠጋ፤
ድሃ አያት ያለው ሰው አልገጠመኝም፣
ከቆላ ይሁን ከደጋ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ፣
ሚኒባሱ ሲያቃስት፣ አወዳይ ላይ ሰው ጫት ሲገዛ፣
ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ፣ እንደ ታመመ ሕፃን።
ከሐረር በኤረር በር ወጣሁ፤
ቁልቁል፣ ማሽላ ለማሽላ፣ መንደሩን እየጠየቅሁ።

አዴ ሙንተሃ፣ ዓይኗ የደከመ፣ ጆሮዋ የነቃ፣
ሳቀች፣ ሳቋ ሳል እስኪሆን ድረስ ስቃ ስቃ።
“ኦብሳ የሚባል ሰው እዚህ አልተወለደም።
ኦብሴ ናት፣ ልጄ። ሴት ናት።
እኔ አልደረስኩባትም፤ አያቴ ናት ያየቻት።

“በቱርክ ጊዜ ነው፤ ጭፍራው ለእህል ሲወርድ
ባሏ በሌሊት ወጣ። ሸሸ ወይ ሞተ፣ አላወቀም ዘመድ።
እሷ ማሽላዋን ጉድጓድ ውስጥ ቀበረች፣
አፉን በጭቃ ደፍና፣ በእበት ለቀለቀች፣
ከላዩ ፍየል አሰረች።
መጡ። ፍየሏን ፈቱ፣ እየጎተቱ ወሰዱ፣
የዓመት ቀለብ ከእግራቸው ሥር እየረገጡ ሄዱ።
ከዚያ ወዲያ ሙሜ ‘የማን ልጅ ነህ?’ ሲሉት
‘የኦብሴ’ አለ። በዚያው ቀረ።”

ጉድጓዱን አሳየችኝ፤ ቁልቋል የበቀለበት ስርጉድ።
ተንበርክኬ አሸተትኩ።
ማሽላ አይሸትም። አፈር ነው።

ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጬ ወረቀቱን በፀሐይ አየሁት።
ሳ ራብዕ ነው፤ አንድ እግሩ አጥሮ ያነክሳል።
ሴ ኃምስ ናት፤ ከእግሯ ሥር ቀለበት አላት።
ያችን ቀለበት ነው ጸሐፊው የነፈጋት።
ቀለሙ አልቆበት ይሆን? ቸኩሎ? ወይስ
“ወለደ” ላይ አንዲት “ች” መቀጠል ከብዶት፣
ሐረግ በሴት ሲጀመር ዳኛው እንዳይስቅበት?
ወይስ ኢብሮ ራሱ ነው፣ ለማሳው ብሎ፣
ቅድመ አያቱን ወንድ ያደረጋት?

አራት አባት ቆጥሬ አምስተኛው ላይ ስደርስ
አምስተኛዋ ሆነች፤ ፊደሏም፣ ተራዋም ኃምስ።

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል”፤
በዚህች ተረት ነው እንጀራ የበላሁት።
እነሆ ወረቀቱ ረስቶ
ያወረሰኝ የአሮጊት ሳል።

ሰኞ ከወንበሬ ላይ ነኝ። ከመልካ ጀብዱ አንዲት ሴት መጣች፣
የቀለብ ክስ ናት። “ስምሽ?” አልኩ፤ በነጠላዋ ጫፍ ውስጥ ተናገረች።
ብዕሬ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ያዝኩት።
“ድገሚልኝ” አልኳት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ማንንም ድገሚ ብዬ አላውቅም።