የደወሉ ማኅደር

የዕቃው መለያ ሰባት፣ ዓይነቱ ደወል፣
የተሠራው ከነሐስ፤ ክብደቱ፦ ሁለት ሰው ያነሣዋል።
«ከየት ተገኘ?» ይላል ቅጹ በአምስተኛው ተራ፤
ባዶ ቦታው አንድ ጣት፣ የሚሞላው ተራራ።

እኔ የንብረት ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፣
ሐይቅን እንጂ ባሕር አላየሁ፤ ምን ልጻፍ ስለ ባሕር?
ኑርዬ ሹፌሩ ያለኝን፣ ግማሹ ቅጥፈት ቢሆንም፣
እጽፋለሁ እንደ ወረደ፤ ሌላ ምስክር የለኝም።

የጦር መርከብ ነበረች አለ፤ በእንግሊዝ ንግሥት ዘመን የሠሯት፣
ሸራም የከሰል ጭስም፣ እንደ ወሎ ቤት ሁለት እምነት ያላት።
ስሟ ከደወሉ ከንፈር ተፍቆ፣ ሦስት ፊደል ቀርቶ፣
የፈረንጅ ዓመት ብቻ አለ፣ 1887 ተመትቶ።

እሳቷን የሚያነዱት ሶማሌዎች ነበሩ፣ በሲሶ ደመወዝ፤
ፈረቃቸው በዚህ ደወል ነው፤ ስማቸውን ማን ይመዝግብ፣ ማን ይያዝ?
ባሪያ የጫነ ጀልባ ልትይዝ ታጁራ ላይ አደፈጠች፤
አንዱን ያዘች፤ ሦስቱ ካመለጧት በኋላ ነቃች።
ኑርዬ እዚህ ላይ ወደ ባቲ መውጫ በአገጩ ያመለክታል፦
«በዚህ ነው የወረዱት።» ሌላ ቃል አይጨምርም፤ ዝም ይላል።

መድፏን? ሁለቴ ተኩሳለች፣ ሁለቱንም ለሰላምታ፣
አንዴ ለሱልጣን ሠርግ፣ አንዴ ለካፒቴኗ ቀብር፣ ማታ።
አዲሶቹ ሲመጡ ማዕረጓን ገፈው፣ ሞተሯን አውጥተው
የከሰል ጎተራ አደረጓት፤ በመጨረሻም በኪሎ ሸጧት ቆራርጠው።

ደወሉን አሰብ ላይ ኑርዬ በአንድ ኩንታል በርበሬ ለወጠ፤
ከኤንትሬው ኋላ ታስሮ፣ በየጉድጓዱ እየጮኸ ሚሌን አቋረጠ።
ባቲ ሲደርስ ሰኞ ነበር፤ ገበያው በሙሉ ዞረ፤
«ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?» «ለትምህርት ቤት» ብሎ ተሻገረ።

ርእሰ መምህሩ «አሳጥረው» አለኝ፤ «ደወል ምን ታሪክ አለው?»
እኔም ሠላሳ ዓመት አገልግዬ ማኅደሬ ሁለት ቅጠል ነው።

ይኸው አርባ ዓመት ደወለ። ዘንድሮ በኤሌክትሪክ ተተካ፤
ደብዳቤው «ይወገድ» ይላል፤ ቆራሌው ከበር ላይ በዓይኑ ለካ።
ረቡዕ መብራት ጠፋ። ዘበኛው ጣሂር ብረት አንሥቶ መታ፤
ድምፁ የጨርቃ ጨርቁን ግንብ ነክቶ ሲመለስ ሺህ ተማሪ ፈታ።

«ሁኔታ» በሚለው ሥር «በአገልግሎት ላይ» ብዬ ፈረምኩ።
«ምርመራ» የሚል ዓምድ ቀረኝ፦
«ክረምት ክረምት ያልበዋል።
ጨው ጨው ይላል። ቀመስኩ።»