ቀነስ አድርጋት

እኔ የጀልባ ሰው ነኝ፤ ዐይኔ ሩቅ ያደረ፣
ማዕበሉን ገና ሳይነሣ አይቶ የተናገረ፤
ከወደቡ ቆሜ፣ ክብራን ዳር ያረፉ ሳቢሳዎች ስቆጥር፣
አንዲት አትጎድለኝም ነበር።

ልጄ ምንታምር ግን ከደብተሯ ጋራ ልትሳሳም ትደርሳለች፤
አፍንጫዋን ቀለም ነክቶት ከትምህርት ቤት ትመለሳለች።
እናቷ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገችው፣
«ይቺ ልጅ ፊደሉን ሳታነብ አሸተተችው!»
ብላ፣ አብረን ስቀናል፤ አልክድም።
ሕመም ቀልድ ለብሶ ሲገባ፣ ውሻም አይጮኽበትም።

አንድ እሑድ፣ ወደ ዘጌ፣ ሞተሩን ዝም አሰኝቼ፣
«ጉማሬ! ከደንገሉ በስተግራ!» ብዬ ጣቴን ዘርግቼ
ሳሳይ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደዚያው አጋደለ፤
የሁሉም አንገት ተሳበ፣ የሁሉም አፍ «ውይ!» አለ።
ምንታምር ፈገግ ብላ፣
የሰዉን ፊት ተከትላ፣
«አየሁት፣ አባዬ» አለችኝ።
ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤
ጉማሬው ከጠለቀ ቆይቷል፤ ውኃው ተመልሶ ገጥሟል፤
የልጄ ጣት ግን ባዶው ላይ እንደተቀሰረ ቆሟል።

ዶክተር አንማው ወንበሩን አስጠግቶ፣
«የዐይኗ ኳስ» አለን፣ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ክብ ሠርቶ፣
«እንደ ሎሚ መሆን ሲገባው፣ እንደ እንቁላል እየረዘመ ነው፤
መነጽር ያሳያታል እንጂ፣ ርዝመቱን አይገታው።
ይህ ጠብታ አለ፤ በጣም የቀጠነ፤ ማታ ማታ አንድ አንድ፤
አይመልሰውም፤ ያዘገየዋል፤ እሱም ለሁሉ ልጅ በእኩል አይሄድ።
ደጅም ትዋል፤ ብርሃን ትጥገብ።»
እናቷ ጠርሙሷን አየች፤ ዋጋዋን አየች፤ ነጠላዋን ሰብሰብ
አድርጋ፣ «የማያድን መድኃኒት!» አለች በሐዘን።
እኔ ግን ከሥራዬ አውቀዋለሁ ይህን።

ወደቡ ሲቀርብ ረዳቴ ልቅናው «ቀነስ አድርጋት!» ይለኛል፤
ድንጋዩ ከፊት ተሰድሮ ይጠብቀኛል።
ሞተር ቢጠፋም ጀልባ ባንዴ አትቆምም፤
በራሷ ክብደት ትሄዳለች፤ ማንም አይዛትም።
ብልሃቱ ማስቆም አይደለም፤
ስትደርስ በርጋታ መድረሷ ነው፤ ሌላ የለም።

ጠርሙሷ ከአውራ ጣቴ ታንሳለች።
ሽንብጥ መብራት ሲጠፋ፣ ከዓሣ ማኅበሩ በረዶ፣ ከቆሮሶ ጎን ታድራለች፤
«ዛሬማ ዐይኔ ዓሣ ዓሣ ሊሸት ነው» ትላለች ምንታምር፣ ጭኔ ላይ ተንጋልላ።
በመጀመሪያው ሰሞን እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ ጠብታዋ ጉንጯ ላይ ተንከባላ
ጆሮዋ ውስጥ ትገባ ነበር።
ሐይቅ ሙሉ ውኃ ያላስፈራው ክንድ፣ ለአንዲት ዘለላ ሲሸበር!

ጠዋት ብሌኗ በጥቂት ሰፍታ፣
የእኔን የጀልባ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣
በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ወደ ትምህርት ቤት ታዘግማለች፤
ልጆቹ «ካፒቴን!» ይሏታል፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሰላምታ ትሰጣለች።

ትናንት መብራት የለም። አዲስ ጠርሙስ፤ ጽሑፉ የጉንዳን ሠልፍ ሆነብኝ፤
ባርቀው፣ ባርቀው፣ ክንዴ አጠረብኝ።
አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤
ዐይኔ ደሴቱን ያነባል፤ መዳፌ ላይ ያለውን ግን ተወው።
«አምጣው» አለች፤ መነጽሯን አወለቀች፤
በሻማው ብርሃን፣ አፍንጫዋ ጋ አስጠግታ አነበበች፦
«ከተከፈተ ከወር በኋላ ይጣል።»
ከዚያም ተጋደመች። «ቶሎ በል፣ አባዬ፤ ይበርዳል።»

አሁን እሑድ እሑድ፣ መነጽሯን የውኃ ፍንጣሪ ሲያደበዝዘው፣
«ያውልሽ ሳቢሳ!» ስላት፣ «የቱ ጋ? አላየሁትም» የምትለው
እውነቷን ነው። አታፍርም።
እኔም ጣቴን አልቀስርም፤
ሞተሩን ቀነስ አደርገዋለሁ፣
ወፉ ሳይነሣ፣ በዝግታ፣ በዝግታ፣ እጠጋለሁ።