ውሉ ያልጠፋ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ላስቲክ ወጥሮ በእንጨት፣
አቶ ባዘዘው ዋጋውን ጽፎታል
በካርቶን ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደላት።
«ክስ ሰባት መቶ። መልስ አምስት መቶ።
ፍቺ በስምምነት፣ ከነኮፒው፣ ስምንት መቶ።
ጭቅጭቅ ካለበት ዋጋው አይታወቅም።»
አስማረ አነበበው፤ እኔም አነበብኩት፤
ሁለታችንም አልሳቅንም።

ልብስ ሰፊ ነው አስማረ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ከበርበሬ ተራ ማዶ፤
ሁለቴ ሳይለካ መቀስ አያነሳም፣
ደንበኛው ቢቆምበትም በንዴት ነድዶ።
አራት መቶ እሱ ቆጠረ፣ አራት መቶ እኔ፤
ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ እኩል የሆንነው
ያን ቀን ነው መሰለኝ፣ በገንዘብም በወኔ።

«ማን በደለ?» አለ ባዘዘው፣ ጣቱን ከፊደሉ አሳርፎ።
«ማንም።»
«ምክንያትስ?»
ዝም አልን።
ምክንያቱ እንደ ቀሃ ወንዝ ነው፣ በበጋ፤
ድንጋዩ እንዳለ አለ፣ ድልድዩም እንዳለ፣
ውኃው ብቻ ሄደ፣ ሳናየው፣ አንዱ ቀን ሲነጋ።
«ግድ የለም» አለ፣ «በስምምነት ለሚመጣ
ሕጉም አይጠይቅም፣ የጓዳ ጉድ እንዲያወጣ።»

የአክስቴ ልጅ ዘርፌ አራት ዓመት ተሟግታለች፤
ቀጠሮ ቀጠሮን ሲወልድ፣
ግማሽ ቤት ለማግኘት ሙሉ ቤት ሸጣለች።
ዛሬ አዘዞ ተከራይታ፣
የፍርዱን ግልባጭ በፍሬም አድርጋ ሰቅላዋለች።

እኛ ከጃንተከል ዋርካ ሥር ቁጭ አልን፣ በአንድ ወረቀት።
ሲንጀሩ ለአስማረ። ፍሪጁ ለእኔ።
አልጋው፣
(እዚህ ጋ ቆየን፤ ባጃጅ ስንቆጥር ቆየን)
አልጋው ይሸጥ።
ምንታምር ከእኔ ጋር፤ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ከአባቷ።
ዐሥር ዓመቷ ነው። ማታ ስንነግራት ሰማችንና፣
«ጫማዬስ?» አለች፣ «ጫማዬ ማን ቤት ያድራል?»
ሁለት ጫማ ተገዛ።
ይኼ ባዘዘው ካርቶን ላይ የለም፤ ለብቻው ይደመራል።

«ውል» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጻፈው ባዘዘው።
አስማረ ፈገግ አለ፤ የእሱ ውል የክር ጫፍ ነው፤
ከተገኘ ልቃቂቱ ሳይቆረጥ ይፈታል፣
ሲጠፋ ነው መቀስ የሚያስፈልገው።

አጎቴ ቄስ ተገኘ መጡ፣ ከሁለት ሽማግሌ ጋር፣ በመሸበት፤
«ምን ዓይነት ፍቺ ነው፣ ሳህን እንኳ ያልተሰበረበት?»
ተቆጡን። ደግሞም አዘኑልን፤
አስታራቂ ምን ይሥራ፣ ጠብ በሌለበት?

ዳኛዋ ወጣት ናት፤ «ሦስት ወር አስቡበት» አለችን፣ በሰኔ።
ሐምሌ ጣሪያው አፈሰሰ፤
አስማረ መጣ፣ ምስማሩን በከንፈሩ ነክሶ፣
ቆርቆሮውን መታ፣ ራቱን በላ፣
«ደህና እደሩ» ብሎ ሄደ፣ ጃንጥላ ተውሶ።
ሰፈሩ «ታረቁ» አለ።
እኔም ያን ሌሊት ጣሪያውን አዳመጥኩ፤
ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ቤቱም እንደ ድሮው ዝም አለ።
የማያፈስ ጣሪያ ባል እንደማይሆን
ያኔ ነው የገባኝ፣ ገና ሳይነጋ።

ፍርድ ቤቱ ከክረምት ዕረፍት ተመለሰ፤ ጥቅምት፣ ማክሰኞ።
«አሁንም?» አለች ዳኛዋ።
«አሁንም» አልን፣ ባንድ ድምፅ፤
ሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አልገጠምንም።
ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ጮኸ።
ስምንት መቶ ብር። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ደረጃው ላይ፣ «ቁሚ» አለኝ።
የኮቴ ቁልፍ ላልቶ፣ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል።
መርፌውን ከነክሩ ከኮሌታው ነቀለ፤
ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል፣
እሱ ጎንበስ ብሎ ይሰፋል።
«ስንት ነው?» አልኩት።
«ስምምነቱ ውስጥ የለም» አለና፣
ክሩን በጥርሱ በጠሰው።
መቀስ አልያዘም ነበር።