ቢጫ

ሳትቆጪ ስሚኝ፣ ማላርኮዲ፤
ቀስ ይላል ይህ ባቡር፤ ካለፍን ቆይተናል ፓራማኩዲ።

ገና አልነጋም ነበር ከማዱራይ ስንወጣ፤
ካያል ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጩን፣ ያንቺን፣ በፖስታ የመጣ፣
አንገቱ ላይ ትንንሽ ዓሣ የጠለፍሽበት፣
ከሕሙማን አልጋ መካከል፣ በሌሊት ተራሽ፣ እንቅልፍሽን የሰጠሽበት።
“እስክንደርስ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ” ብላት፣
“እናቴ ቀድማ በመስኮት ብታየኝስ?” አለች፤ ምን ልበላት?

ጭኔ ላይ ቁጭ ብላ ኢድሊዋን በሳምባር ስታጠቅስ፣
ባቡሩ ማናማዱራይ ቆሞ ቆሞ ድንገት ሲንቀሳቀስ፣
ሳህኑ ተገልብጦ ደረቷ ላይ፤
ያ ሁሉ ዓሣሽ በምስር ባሕር ውስጥ ሲዋኝ አላይ!

አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝ፤
“አባ፣ አሁን እናቴ ታውቀኛለች?” ስትል ጠየቀችኝ።

ግሪዝ በምን እንደሚለቅ ብትጠይቂኝ አውቃለሁ፤
የብስክሌት ጎማ ስለጥፍ የኖርሁ፣ የእርድን ነገር ከየት እማራለሁ?
እርጥብ ሶፍት አወጣሁ፤ ፈተግሁ፣ ፈተግሁ፤
ሳንቲም የምታህለውን ጠብታ እንደ ሰሃን አሰፋሁ።
አንድ ተማሪ ከኪሱ የእጅ አልኮል አንጠባጠበ፤
አንዲት ነፍሰ ጡር የሕፃን ዱቄት ነሰነሰችበት፤ ሰው ተሰበሰበ፤
ሁሉም አዋቂ ነው በሰው ልጅ ልብስ፤
ደረቷ ሊጥ ሆኖ ቀረ፣ ለመጋገር የሚደርስ።

አወለቅሁላት። ከበሩ አጠገብ ባለችው ቧንቧ፣ በሙሉ ጉልበቴ፣
በሳሙና አሸሁት፤ ቢጫው ቀላ! ደም መሰለ፤ ክው አለ አንጀቴ።
ይህን ይዤ ጣቢያ ልውረድ? አንቺ፣ ነርሷ፣
መጀመሪያ የምታዪው ደም ይሁን፣ ከሰባት ወር በኋላ፣ በእሷ?

ከፊት ለፊታችን አንዲት አሮጊት፣ ፖኑታዪ ይሏታል፣
እግሯ ሥር የደረቀ ዓሣ ቅርጫት አለ፤ ሽታው ወንበሩን ሞልቶታል፤
ስታየኝ ቆይታ፣ ቆይታ፣ ምላሷን “ጭ” አደረገች፤
“ሳሙና እርድን አያባርርም፣ ያስቆጣዋል እንጂ” አለች።
ከልብሷ ጫፍ ፈትታ ግማሽ ሎሚ ሰጠችኝ፤
“ጭመቅበት፣ ከዚያ ለፀሐይ ስጠው” ስትል መከረችኝ፤
“እርድ የሚያፍረው ፀሐይን ነው፣ የሰውን እጅ አይደለም፤
ስምንት ልጅ ያጠብሁ ነኝ፣ በዚህስ የሚበልጠኝ የለም።”

ሎሚው ሲነካው ቀዩ ወደ ቢጫው ተመለሰ፤
በመስኮቱ ብረት መካከል ነፋስ ቀሚሱን እየዳሰሰ፣
አንድ እጄ እጅጌውን ይዟል፣ አንድ እጄ የልጅሽን ወገብ፤
እሷ በሸሚዜ ተጠቅልላለች፤ እኔ በካናቴራ፣ ያለ ቀልብ።
ራማናታፑራም አለፈ። የጨው ሜዳው አለፈ።
ፖኑታዪ አንቀላፋች። ቢጫው ዳር ዳሩ ሳሳ፤ መሃሉ ግን አልተሸነፈ።

አሁን ድልድዩ ላይ ነን። ባሕሩ በግራም በቀኝም ነው፤
ባቡሩ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነው የሚሄደው።
ካያል “ዓሣዎቹን ቤታቸውን እናሳያቸው” ብላ፣
ትስቃለች፣ የቀሚሱን አንገት ወደ ውሃው አዘንብላ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ልዋሽሽ ነበረ፤
“ከፖስታው ሲወጣም እንዲሁ ነው” ልል፤ ምላሴ ግን ተሳሰረ።
ሰባት ወር ሙሉ ስትደውዪ፣ ከሰላምታ በፊት፣
“በልታለች?” ነው የምትዪው፣ ጠዋት ይሁን ሌሊት።
“በልታለች” ስልሽ ዝም ትያለሽ። ያ ዝምታ፣ ያ አለማመን፤
አልፈርድብሽም፤ ጎማ ጠጋኝ ያበሰለውን ማን ሊያምን?

እንግዲህ ምስክሬ ደረቷ ላይ አለ፣
ፀሐይም ሎሚም ያልጨረሱት፣ ሦስተኛው ዓሣ ላይ የዋለ።
ሳምባሩ ጨው በዝቶበት ነበር፣ እሱን አልክድም።
ራሜስዋራም ታየ። ቀሚሱ ገና እርጥብ ነው፤ እጅጌው ተገልብጧል፤
“ቁሚ” ስላት አትቆምም።