መገንጠያው ላይ

ከሌሊቱ ስምንት ነው፤ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ነፋስ የለም፤
ቬንትሌተሩ ሙቀት ያመላልሳል እንጂ አያቀዘቅዝም።
አባቴ ግቢው ውስጥ፣ ሽቦ አልጋው ላይ፤
እኔ በረንዳው ላይ፣ ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ፤
ሲነጋ ላስረክብ ቃል የገባሁት፣
ለደረቅ ወደቡ የጻፍኩት ስክሪፕት
አልሄድ ብሎኛል።

ሥራው እንዲህ ነበር፣ ሲያወሩት ቀላል፦
ከዝርዝሩ አንድ ኮንቴነር ያነሣል፤
ክብደቱ ከሰነዱ ከገጠመ፣ ያሳልፋል፤
ካልገጠመ፣ ወደ ጎን ያቆማል፤
ማኅተሙ የተሰበረ ካገኘ ሁሉን ትቶ ይወጣል፤
ባዶውን ግን ይዘለዋል።
ከዚያ ቀጣዩን።
ከዚያ ቀጣዩን።

የኔው ግን እመንገድ አንዱ ጋ ቆመና
ያንኑ ኮንቴነር ያነሣል እንደገና፦
አራት መቶ አሥራ ሁለት፣
አራት መቶ አሥራ ሁለት፣
አራት መቶ...
ስክሪኑ እስከ አፉ በአንድ ቁጥር ሞላ፤
ላፕቶፑም እንደ ሰኔ ቆርቆሮ ጋለ።
«ረምላ፣ አልተኛሽም?» አባቴ አለ።

ሼፍ ጠሃ ይሉታል፣ ያኔ የሚያውቁት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡሩ፣ ከብረት ዘንጉ ፊት፦
የጭነት ከመጣ፣ ዘንጉን ወደ ግራ፤
የሰው ከመጣ፣ ቀጥታ ወደ ለገሀሩ፤
ከሁለቱም ካልሆነ፣ ቀይ ፋኖስ ሊያበራ።
ተሳስቶ አያውቅም።
ወይም አልነገረኝም።

ባቡሩ ቀረ። አዲሱ ሐዲድ ከተማውን ሸሽቶ በሩቅ ያልፋል።
እሱ ግን ጎህ ሲቀድ፣ ባጃጆቹ ሳይንጫጩ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ይወጣል፤
የጣቢያውን አጥር ተደግፎ ያያል፤
የለም፤ ይመለሳል።
በማግስቱ ያያል፤
የለም፤ ይመለሳል።

ሽርጡን አጥብቆ መጣ፤ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ ቆመ፤
ከፊደሎቹ አንዱን አያውቅም፣ ቁጥሩን ግን በጣቱ ለቀመ።
«ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው፤
በዞረ ቁጥር ግን ውስጡ የሚለወጠው ምንድነው?»
«እንዴት?»
«ዘንጉን ካልነካሁት ሐዲዱ ያው ሐዲድ፤
ሺህ ባቡር ቢመጣ ሺውም በዚያው ነው የሚሄድ።»

አየሁት ያን ጊዜ።
አራት መቶ አሥራ ሁለት ባዶ ኮንቴነር ነው።
ባዶ ሲያገኝ ይዘላል፤ ግን ከምን ላይ ነው የሚዘለው?
«አንድ ደምር» የምትል፣ የጻፍኳት መስመር
ከዝላዩ በታች ተቀምጣ ነበር።
ሳይደርስባት ይዘላል፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፤
ሲመለስ ያው ባዶ፤ ይዘላል፤ አይጨርስም።
ወደ ላይ አወጣኋት፣ ያችን አንዲት መስመር፤
አራት መቶ አሥራ ሦስት አለ፤
ከዚያማ በረረ፣ እስከ መጨረሻው ቁጥር።

ጎህ ሲቀድ አባቴ ኮፍያውን አነሣ።
«ባዶ እኮ ነው፣ አባዬ» ልለው አፌን ከፈትኩና
ተውኩት፤ ነጠላ ጫማዬን በእግሬ ዳበስኩና
አንድ ደመርኩ።

አጥሩን ተደገፍን፤ አየን፤ የለም።
ሐዲዱ መሀል አንዲት ፍየል
የጫት ገረባ ታኝካለች።
«የጭነት ናት፣ የሰው?» አልኩት።
አሰበበት፤ የምሩን አሰበበት።
«ቀይ ፋኖስ» አለ፤ ሳቀ።

ስንመለስ በመጣንበት አልሄድንም፤
ደረቁን ደቻቱ በድልድዩ ተሻግረን
መጋላ ገባን።
ሳምቡሳ ገዛልኝ፤ ዘይቱ ጣቴን አቃጠለኝ።