ከብርሃኑ ፈቀቅ

አስር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ካራት ኪሎ ቁልቁል፣
ፀሐይዋ ፒያሳ ላይ፣ ከዓይኔ ትክክል።
እማዋይሽ ቆማለች ከድልድዩ ብረት፣
ከወርቅ ቤቱ ሂሳብ ሾልካ ለቅጽበት።
«ስስቅ አንሳኝ» ብላኝ ከንፈሯን ታሟሻለች፤
በመመልከቻው ውስጥ ግን ሁለት ሆና ትታያለች።

የሩስኪ ካሜራ ነች፤ ይኸው ነው አመሏ፤
ሰውን ለሁለት ከፍላ ታቆማለች ከመሀሏ፦
አንዱ አካል፣ አንዱ ጥላ፣ ቢጫ፣ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ።
ቀለበቱን ሲያዞሩት ጥላው ይሳባል ወደ አካሉ፤
ተደርበው አንድ ሲሆኑ፣ ያ ነው የርቀት ውሉ።

ላጋጥማቸው ስል ግን ብርሃን በርግዶ ገባ፤
ያቺን የመሀል መስኮት ከዳር ዳር ኖራ ቀባ።
የቱ ጥላ፣ የቱ አካል? ፍለጋው ሆነብኝ ከንቱ፤
«አምስት ሜትር ይሆናል» አልኩና ቀጭ አደረግሁ በግምቱ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ
«ወጣልኝ?» አለች ሮጣ።
ወጣ፣ እማዋይሽ። ዕጣው ግን ለሌላ ሰው ወጣ፦
አንቺማ ጉም ሆነሻል፤ ጥርስሽ የት እንደገባ እንጃ፤
ከኋላሽ፣ ስድስት እርምጃ፣
ሎተሪ አዟሪው ቆሟል፤ የጢሙ ዘለላ ይቆጠራል፣
ደረቱ ላይ የሰካው ትኬት ቁጥሩ ሳይቀር ይነበባል።
ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ሳቅ ነበር የፈለግነው፤
ካሜራዋ ቤት ቀርታለች።

ማዘጋጃ ቤት አጠገብ፣ ጋሽ ልሳኑ ዘንድ ወሰድኳት፣
የቆመ ሰዓትም፣ የታመመ ካሜራም ከሚታከምባት
ከአንዲት ጠባብ ክፍል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
ከደጁ ወጣ ብሎ የጊዮርጊስን መስቀል በርቀት አስተዋለ፤
ሁለት የነበረው መስቀል አንድ ሆነለት።
«ምንም አልሆነች» አለኝ። «ልኳ ልክ ነው። የሳትከው
አንተ ነህ፤ ብርሃንን ፊት ለፊት የተጋፈጥከው።
ዓይንህን የጤፍ ታህል ከመሀል ፈቀቅ አድርጋት፤
በግራ እጅህ መዳፍ ለመስኮቷ ጥላ ዘርጋላት።
እንቢ ካለችህ ደግሞ ጠብቅ፤ ደመና አይጠፋም።»
ስንት ልክፈል ብለው፣ «ምን ሠራሁና?» አለ።

ፎቶውን ለሎተሪ አዟሪው ሰጠሁት።
አገላብጦ አየው፤ ወደ ፀሐይ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ አደረገው።
«እኔ ነኝ? ሸብቻለሁ ለካ»
አለና ከትኬቶቹ መሀል፣ ከላይኛው ረድፍ ሰካ።
አንድ መንገደኛ ቆሞ፣ «ይሄስ ስንት ነው?» ይለዋል።
«እሱ አይሸጥም» አለ፤ «ወጥቷል።»

አስር ሰዓት ተኩል ነው። መዳፌን ጥላ አድርጌ
ዓይኔን ፈቀቅ አርጌ
አያለሁ፦ ከፒያሳ ቁልቁል፣ ፀሐይዋን አዝላ፣
እማዋይሽ እየመጣች ነው። ገና ሁለት ናት።