ቃለ ጉባኤ

ኦዴሳ እባላለሁ፤ የጉባኤ ጸሐፊ፣
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል አሳላፊ።
ከተማችን ጆርጅታውን ከባሕር በታች ነው፣
ግንቡ ነው ማዕበሉን «ቁም» ብሎ የያዘው፤
ምክር ቤቱ ግን ግንብ የለው፣
ያሻው ቃል ይገባል ያሻው ሰው ሲከፍተው።

በመጋቢት ነበር፤ የሩዝ ዋጋ ክርክር፤
ስለ መስኖ በሩ፣ ስለ ቦይ ሲነገር፣
የተከበሩ ቦቬል ከወዲያኛው ወንበር
አንዲት ቃል ወረወሩ በሕንዶቹ ልጆች ላይ፤
የሸንኮራ ማሳው አለቃ፣ ድሮ፣ ከፈረሱ በላይ
ሆኖ የሚጥላት፤ የዛገች፣ የከረመች።
የአፈ ጉባኤው መዶሻ አየር ላይ ቀረች።

ያኔ የተከበሩ ሄምራጅ ጠረጴዛ ደበደቡ፤
«በአንድ ሰው አይደለም፣ በሕዝብ ላይ ነው ስድቡ!
ቃል እንደ ጥይት ነው፤ ከተተኮሰ አይመለስም፤
ይልቀቅ ይህ ሰው ዛሬ! ነገን አንጠብቅም!»
ብለው ከነጓዶቻቸው ወጡ በሩን በርግደው፣
ደጅ ላይ ለካሜራ እንባቸውን ጠርገው።
የቦቬል ሰዎች ግን ረጋ፣ ፈገግ አሉ፤
«ቀልድ እኮ ነው፣ ዐውዱን እዩ፣ ምን አጠፉ?» አሉ፤
«ጎረቤታቸው ሕንድ ነው፤
ዲዋሊ ሲመጣ ኩራዝ ያበራሉ አብረው።»
እኔም ጻፍኩ። ሁሉን ጻፍኩ። እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

ግንቦት ገባ፤ ቦዩ ሞልቶ መንገዱ ላይ ተኛ።
የተከበሩ ሄምራጅ ለጓዳቸው አንሾካሾኩ፤
ድምፅ ማጉያው ክፍት ነው፤ ይህን ግን አላወቁ።
ስለ እኛ ስለ ጥቁሮቹ ነው። ቃሏም፣ ስሰማት፣ አዲስ አልሆነችብኝ፤
የመጋቢቷ እኅት ናት፤ የአንድ እናት ልጅ ነበረች፣
ከዚያው ፈረስ ላይ፣ ከዚያው አለቃ አፍ የወጣች።

ተራው ዞረ። አሁን ቦቬል ጠረጴዛ መቱ፤
«ቃል እንደ ጥይት ነው! ይልቀቅ!» ብለው ወጡ ከቤቱ።
እነ ሄምራጅ ደግሞ «ኧረ ቀልድ ነው» አሉ፤
«ሹፌራቸው ጥቁር ነው፤ በጣም ይወዱታል» አሉ።
ንግግር ተለዋወጡ፣ እንደ ተውሶ ካፖርት፣
አንዱ ሲያወልቀው ሌላው እጁን ሲሰድበት፣
ሙቀቱ ገና ሳይለቅ፣ ላቡ እንዳለበት።
የራሳቸው እያረረ የሰውን የሚያማስሉ፣
ጭሱ ሲያስነጥሳቸው «ከጎረቤት ነው» የሚሉ።

ፑልማቲ ሻይ ታዞራለች፤ በመጋቢትም ታዞር ነበር።
ካትበርት ዘብ ነው፤ በግንቦትም አልተነቃነቀም ከበር።
በሁለቱ ስም ስንት ተጮኸ፣ ስንት እንባ ተጠረገ!
ወደ እነርሱ ዞር ብሎ ግን ማን ጠየቀ? ማን ፈለገ?
እሷ ያን ቀን ስኳር ረሳች፤ ያ ብቻ ነው ያየሁባት፤
ቦቬል «መራራ ነው» ብለው ሲኒውን መለሱላት።

አሁን የራሴን ልናገር፣ ማንም ሳያስገድደኝ፤
ማታ መዝገቡን ሳገላብጥ አንድ ነገር አስደነገጠኝ።
የግንቦቱን ስድብ ጽፌዋለሁ ፊደል ሳላጎድል፣
ከሥሩም አሥምሬ።
የመጋቢቱ ጋ ግን፣ የቦቬል፣ የእኔው ወገን በደል፣
«ሁካታ፤ አልተሰማም» ይላል።
ተሰምቶኝ ነበር። ጥርት ብሎ። እንዲያውም፣
ሳቅ ብጤ ሲያመልጠኝ በሳል ሸፈንኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።
ስንት ዓመት ይሆን ጣቴ ሚዛን ሲሰርቅ የኖረው፣
እኔ በሰዎቹ ስፈርድ፣ ማንም እኔን ሳያየው?

ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ፤ መዝገቡን ከፈትኩ።
«አልተሰማም»ን ሰረዝኩ፤ ቃሏን እንዳለች ጻፍኩ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አስቀያሚ ናት ስትጻፍ፣
እንደ ተረገጠ በረሮ፣ በነጭ ወረቀት ጫፍ።
ፑልማቲ ሻይ ይዛ መጣች። ገጹን በክንዴ ሸፈንኩ፤
ደግሞ ክንዴን አነሣሁ። አየች። ምንም አላልኩ።
ቆየት ብላ፣
«ስኳርሽ ስንት ነው?» አለች፣ ሃያ አንድ ዓመት ያዞረችልኝ፤
እንደ እንግዳ ሰው ጠየቀችኝ።